የአባባ ክኒንና የልጄ ሽምብራ

ባለፈው ሳምንት ስለ ልጆች የክረምት ልብስ የጀመርኩትን ጨዋታ ዛሬ እቀጥላለሁ ብያችሁ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ለሌላ ጊዜ ላቆየው። ሰሞኑን ቤቴ ውስጥ የሆነው ነገር ስለ ሹራብ እንድጽፍ አላስቻለኝም።

አባባ፣ ማለትም አባቴ፣ 78 ዓመታቸው ነው። እናታችን ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ሪህ አለባቸው። ሲነሳባቸው የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት አብጦ ይቀላል፤ አንሶላ እንኳን ሲነካው ያማቸዋል። ለዚህም ሐኪም ያዘዘላቸው ኮልቺሲን የምትባል ትንሽ ክኒን አለች። ስሟን ልብ በሉልኝ፤ የዛሬው ወጋችን ሁሉ የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ነው።

መድኃኒታቸውን የሚይዙት ራሳቸው ናቸው። በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አድርገው ራስጌያቸው ካለው መሳቢያ ያኖሩታል፤ የወሰዱበትን ቀንና ሰዓትም በትንሽ ደብተር ይጽፋሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ ቆጥሮ መረከብና ቆጥሮ ማስረከብ ደማቸው ውስጥ ገብቷል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ለሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ የቀረውን ክኒን ልወቅ ብዬ ቆርቆሮዋን ከፈትኩ። በደብተሩ መሠረት 14 መኖር ነበረበት። ያገኘሁት 10 ነው። ደግሜ ቆጠርኩ። አሁንም 10።

“አባባ፣ ትናንት ስንት ወሰዱ?”

“ምንም አልወሰድኩም። እግሬ ደህና ነው።”

“አራት ጎድሏል እኮ።”

ደብተራቸውን አንስተው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ቆየት ብለው፣ “አልወሰድኩም… ወይስ ወሰድኩ እንዴ?” አሉ። እኔን ያስደነገጠችኝ ያቺ “እንዴ” ናት። በቅርቡ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሲፈልጉት አይቻለሁ። የጎረቤታችንን ስም ጠፍቶባቸው እኔን ጠይቀውኛል። ታዲያ ሌሊት ተነስተው አንዴ የወሰዱትን ክኒን ረስተው ደግመው ደጋግመው ወስደው ቢሆንስ? “ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር” ይባል የለ? ጠረጠርኩ።

ነርስ ለሆነችው ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። ድምጿ ወዲያው ተለወጠ። “በዚህ መድኃኒት ቀልድ የለም” አለችኝ። “በሚያድነው መጠንና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። መጀመሪያ ማስመለስና ተቅማጥ ይመጣል። የከፋው ጉዳት ግን ከዚያ በኋላ፣ አንድ ቀንም አልፎ ሊመጣ ይችላል። ማርከሻ ብለን የምንሰጠው ነገር የለንም። ምልክት አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ይዘሻቸው ነይ።”

ተንበርክኬ ጫማቸውን እያጠለቅሁላቸው፣ “ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒቱን የምይዘው እኔ ነኝ” አልኩ። አነጋገሬ ለሕፃን ልጅ የሚነገርበት ዓይነት ነበር። አባባ አልመለሱልኝም። እግራቸውን ብቻ ወደ ጫማው ገፋ አደረጉ።

በሩ ላይ ስንደርስ የ11ኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

“እማዬ፣ የትም አትሂዱ። ክኒኖቹን እኔ ነኝ የወሰድኳቸው።”

“ዋጥሻቸው?”

“አልዋጥኳቸውም። ለሽምብራ ነው ያጠጣኋቸው።”

ያን ጊዜ መሳቅ አልቻልኩም። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። የአክስቴ ልጅ ስልኩ ውስጥ “ምን ሆናችሁ? ምን ሆናችሁ?” ትላለች።

ልጄ ክፍሏ ወስዳ አሳየችኝ። መስኮቱ ሥር፣ ከመጻሕፍቱ ኋላ፣ ሁለት የፕላስቲክ ብርጭቆዎች ተቀምጠዋል። በሁለቱም ውስጥ እርጥብ ጥጥ ላይ የበቀለ ሽምብራ አለ። የመጀመሪያው በንጹሕ ውሃ የበቀለ ነው፤ ሥሩ ቀጭንና ረጅም፣ ነጭ ክር ይመስላል። ሁለተኛው የአባባ ክኒን የተበጠበጠበት ነው። የዚህኛው ሥር ማደጉን ትቶ ጫፉ ላይ አብጦ ቁጭ ብሏል፤ የክብሪት ራስ ነው የሚመስለው። ትምህርት ቤት ስለ ክሮሞዞም ሲማሩ፣ ኮልቺሲን የተክልን ክሮሞዞም እጥፍ እንደሚያደርግና ፍሬ አልባው ሐብሐብ የተገኘው በዚህ መንገድ እንደሆነ ሰማች። ቤት ስትመጣ ያው ስም አያቷ ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል። “ሲሉ ሰምታ…” የምትባለዋን ዶሮ ታውቋታላችሁ አይደል?

የዚያን ዕለት የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። አያቷን ለሞት ጥርጣሬ እንዳበቃችን፣ ትንሹ ወንድሟ ሽምብራ አይቶ የማያልፍ ልጅ እንደሆነና ከብርጭቆው አንስቶ ቢቆረጥም ምን ሊደርስ ይችል እንደነበር ነገርኳት። እሷም አለቀሰች። ወደ አባባ ሄዳ ጉልበታቸውን ያዘች። አባባ ግን የተቆጡ አይመስሉም ነበር። መነጽራቸውን አስተካክለው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ሲያዩ ቆዩና፣ “የእኔን እብጠት የሚያጠፋ መድኃኒት የሽምብራን ሥር እንዴት ያሳብጣል?” አሉ።

ጥያቄው ከእኛ አቅም በላይ ሆነ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችንን ልጅ ቡና ጠራነው። በዘር ማሻሻል ሥራ ላይ የተሰማራ የግብርና ባለሙያ ነው። ብርጭቆዎቹን ሲያይ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ልጄን እጇን ማስታጠብ ነበር። “ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን ዕቃ በጓንት ነው የምንነካው። ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም” አላት። ከዚያ ተቀምጦ ለአባባ መለሰላቸው።

“አባባ፣ መድኃኒቱ የሚሠራው ሥራ በእርስዎም በሽምብራውም ያው ነው። ኮልቺሲን የሚገኘው አውሮፓ ውስጥ በመከር ወራት ከሚያብብ መርዛማ ተክል ነው፤ ሰው ለሪህ ሲጠቀምበት ብዙ ዘመን ሆኖታል። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ እንደ ማገር የሚያገለግሉ፣ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ኮልቺሲን እነዚህ ክሮች እንዳይሠሩ ያግዳል። ሪህ ሲነሳብዎት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ አውራ ጣትዎ እየተንጋጉ ነው ቦታውን የሚያቃጥሉት፤ ክሩ ሲጎድላቸው እንቅስቃሴያቸው ይገታል፣ እብጠቱም ይቀንሳል። ተክል ውስጥ ደግሞ አንድ ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል መጀመሪያ ክሮሞዞሞቹን ያባዛል። ከዚያ እነዚያው ክሮች ግማሹን ወደዚህ፣ ግማሹን ወደዚያ ይጎትቱታል። ክሩ ከሌለ የሚጎትት የለም። የተባዛው ክሮሞዞም ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ ይቀራል። ሽምብራ 16 ክሮሞዞም አለው፤ ሳይከፈል የቀረው ሕዋስ 32 ይሆናል ማለት ነው። ሕዋሱ ወደ ርዝመት የሚያድገውም በክሮቹ መሪነት ስለሆነ፣ እነሱ ሲጠፉ ዝም ብሎ ወደ ጎን ያብጣል። ይኸው የክብሪት ራስ።”

ልጄ ፊቷ በራ። “ስለዚህ ተሳክቶልኛል! ሽምብራዬ ባለ 32 ሆኗል!”

“አልሆነም” አላት። እኔም ሳላስበው ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው አለን። መድኃኒቱ የሚይዘው በዚያች ሰዓት ለመከፈል የተዘጋጀውን ሕዋስ ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው ገና ከሆነ ወይም ቀድሞ ከተከፈለ ያመልጣል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ የሚወጣ ቡቃያ ቅይጥ ነው፤ አንዱ ሕዋስ 16፣ ጎረቤቱ 32፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ። ያልተነካው ሕዋስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈጥኖ ስለሚከፈል የተነካውን እየቀደመ ይሸፍነዋል። ዛሬ ወፍራም ቅጠል ያወጣ ተክል ከወር በኋላ ወደ ቀድሞ መልኩ ሊመለስ ይችላል። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” የሚለው ተረት ለዘር ማሻሻል የተተረተ ነው የሚመስለው።

ከዚያ አንድ ታሪክ አጫወተን። ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚበቅለውን፣ እሾሃማ ፍሬ ያለውን አስተናግርን ታውቁታላችሁ። መርዝ ስለሆነ ልጆቻችንን “እንዳትነኩት” እያልን የምናሳድግበት ተክል ነው። ይህ የተናቀ አረም በክሮሞዞም ጥናት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አልበርት ብሌክስሊ ዕድሜውን ያሳለፈው አስተናግርን ሲያጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 እሱና ኤቨሪ የተባለው ባልደረባው ኮልቺሲን የተክልን ክሮሞዞም እንደሚያጥፍ አስታወቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሶፊያ ሳቲና ከተባለችው ተመራማሪ ጋር ሆነው ቅይጥ የሆኑትን አስተናግሮች በማጉያ መነጽር መረመሩ። ቅይጡ ዝም ብሎ የተበተነ አልነበረም። ተክሉ የሚያድግበት ጫፍ ሦስት ድርብ አለው፤ እያንዳንዱ ድርብ የየራሱን ክሮሞዞም ቁጥር ይዞ ያድጋል። ከላይኛው ድርብ የተክሉ ቆዳ ይወጣል። ከመካከለኛው የወንዴውም የሴቴውም ዘር ይወጣል። ከውስጠኛው ደግሞ የግንዱ እምብርት ይሠራል።

“እንግዲህ አስቢው” አላት ልጄን። “ቆዳው ብቻ እጥፍ ከሆነ፣ ከላይ የታጠፈ ይመስላል፤ ዘሩ ግን የድሮው ነው። መካከለኛው ድርብ ከታጠፈ ደግሞ ቆዳው ምንም ሳይለወጥ ልጆቹ ሁሉ ባለ ድርብ ሆነው ይወለዳሉ። ለዚህ ነው እኛ ባለሙያዎች በቅጠል ውፍረት የማንፈርደው። ዘሩን እንዘራለን፣ የሚቀጥለውን ትውልድ እንጠብቃለን፣ ከሥሩ ጫፍ ላይ ክሮሞዞሙን አንድ በአንድ እንቆጥራለን። በዘር ሳይሆን በቁራጭ ወይም በእንጭጭ የሚራባ ተክል ከሆነ ቅይጡን እንደያዘ ሊዘልቅ ይችላል። ግን የትኛው ድርብ ምን እንደያዘ ማወቅ ግድ ነው።”

“መቁጠር” አሉ አባባ፣ ደስ ብሏቸው። “ሳይቆጥሩ መረከብ የለም።”

በዚህ መካከል ፈንድሻው ቀረበ። ባለሙያው አንድ ፍሬ አነሳና፣ “ቅይጥ ለማየት መርዝ አያስፈልግሽም ነበር፤ ይኸው” አላት። በቆሎ 20 ክሮሞዞም አለው። ሲጸንስ ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ጋብቻ ነው የሚፈጸመው። የመጀመሪያው ጋብቻ ፅንሱን ይወልዳል፤ ከእናት 10፣ ከአባት 10፣ ድምሩ 20። ሁለተኛው ጋብቻ ለፅንሱ ስንቅ የሚሆነውን ነጩን ክፍል ይሠራል፤ እዚህ እናት 20፣ አባት 10 ያዋጣሉ፣ ድምሩ 30 ይሆናል። እሳት ላይ ፈንድቶ የሚነጣው ይሄ ባለ 30ው ነው። ጥርሳችን መካከል የሚገባው ቆዳ ደግሞ የእናቲቱ የራሷ አካል ነው፤ ባለ 20። አንዲት የበቆሎ ፍሬ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቁጥር ተቀምጦ ኖሯል። ያ ነጩ ክፍል ስንቁን በሚሞላበት ጊዜ ደግሞ ሕዋሳቱ ሳይከፈሉ የዘር ውርሳቸውን ደጋግመው ይቀዳሉ። ብዙ ስታርች ለማምረት ብዙ ቅጂ ይዞ መሥራት ይቀላል ተብሎ ይታሰባል።

ጤፍም እንደዚያው ነው። 40 ክሮሞዞም ያለው ተክል ነው፤ ዱቄት የሚሆነው ውስጡ ግን 60 ይዟል። ከ60ው 40ው የእናት ድርሻ ነው። “ይኸው፣ እንጀራውም ቢሆን አብዛኛው የእናት ነው” አልኩኝ ለባለቤቴ። እሱ ፈንድሻውን ዘግኖ ዝም አለ።

ይህ ነገር ከዘር ውጭም አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 የአተርን ሥር የመረመሩ ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። አተር ሥሩ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ እብጠቶች አሉት፤ ውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ይዘው መሬቱን ያዳብራሉ። ገበሬው ከጥራጥሬ በኋላ እህል ሲዘራ ምርቱ የሚያምርለት በዚህ ምክንያት ነው። የአተር ክሮሞዞም 14 ሲሆን፣ በእነዚያ እብጠቶች ውስጥ ባሉት ሕዋሳት ግን 28 ሆኖ ተገኘ። ለወጥ የምንከትፈው ቲማቲምም ከዚሁ ወገን ነው። በሥጋው ውስጥ ያሉት ትልልቅ ሕዋሳት ሳይከፈሉ የዘር ውርሳቸውን እየደጋገሙ ይቀዳሉ፤ አንዳንዱ ሕዋስ ከመነሻው ከመቶ እጥፍ በላይ ይይዛል። የቀዱት ቅጂዎች ግን እርስ በርስ ተጣብቀው ስለሚቀሩ፣ የዘር ውርሱ ይበዛል እንጂ የክሮሞዞሙ ቁጥር ላይጨምር ይችላል። የእኛም ሰውነት ቢሆን ጉበታችን ውስጥ ከ46 በላይ የያዙ ሕዋሳት አሉ። እኔ በበኩሌ “አንድ ተክል፣ አንድ ቁጥር” ብዬ ነበር የተማርኩት።

“ታዲያ ይሄ ሁሉ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?” አልኩት። የቤት ሰው ነኝና መጨረሻ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ከሐብሐቡ ጀመረልኝ። ሐብሐብ 22 ክሮሞዞም አለው። ጃፓናዊው ሂቶሺ ኪሃራና ባልደረቦቹ በ1940ዎቹ በኮልቺሲን ባለ 44 ሐብሐብ አገኙ፤ እሱን ከተራው ባለ 22 ጋር አዳቀሉት። ልጁ ባለ 33 ሆነ። 33 ለሁለት እኩል ስለማይካፈል ተክሉ የሰመረ ዘር መሥራት አይችልም፤ ፍሬው ውስጥ የሚገኘው ለስላሳ ነጭ ገለባ ብቻ ነው። ሙዝም ዘር የሌለው በዚሁ ሂሳብ ነው፤ ገበያ የምናገኘው ሙዝ ባለ 33 ነው። ዘመዱ እንሰት ግን 18 ይዞ ዘሩን በደንብ ያፈራል።

ቀጥሎ ሲኒውን ከፍ አደረገ። “ይህም ድርብ ነው፤ ግን ማንም ኮልቺሲን አልጨመረበትም።” በዓለም ላይ ያሉት ሌሎች የቡና ዝርያዎች 22 ክሮሞዞም አላቸው። የእኛ ደን ቡና አረቢካ ብቻውን 44 ነው። ሰው እርሻ ከመጀመሩ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ሁለት ባለ 22 ዝርያዎች፣ ሮቡስታና ዩጂኒዮይደስ የተባለችው፣ ተዳቅለው ቁጥራቸው ታጥፎ የተወለደ ነው። በዚህ ምክንያት አረቢካና ሮቡስታ በቀላሉ አይዳቀሉም፤ ቁጥራቸው አይገጥምም። ሮቡስታ ግን የቅጠል ዋግን የሚቋቋም ነው። የምሥራቅ ቲሞር ደሴት ላይ የሁለቱ ድቅል በተፈጥሮ ተገኘ፤ ባለ 44 ሆኖ ስለተወለደ ከአረቢካ ጋር መልሶ መዳቀል ቻለ። ዛሬ በብዙ አገር የሚተከሉት ዋግን የሚቋቋሙ የቡና ዓይነቶች ከዚያ ድቅል የተወረሱ ናቸው። ቁጥር ባይገጥም ኖሮ ያ በረከት ደጅ ቆሞ ይቀር ነበር።

“ማጠፍ ብቻ ሳይሆን ማጋመስም ይጠቅማል” ብሎ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ሕንዶቹ ጉሃና ማሄሽዋሪ፣ አሁንም ከአስተናግር ዘመዶች ከአንዱ፣ ከወንዴው አበባ ክፍል ባለ ግማሽ ቁጥር ተክል አሳደጉ። ግማሹን መልሰው ሲያጥፉት ሁለቱ ወገን ፍጹም አንድ ዓይነት ይሆናል። ገበሬ ዘር እየመረጠ ስድስትና ሰባት ትውልድ ጠብቆ የሚያገኘውን ንጹሕ ዘር በአንድ ትውልድ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አንዲት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ካልዳበረ የጤፍ አበባ ተክል ማብቀል እንደሚቻል አሳይታለች። ጤፍ አበባው ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ለማዳቀል ያስቸገረ እህል ነው። ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ አበባው በማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት እስኪደርሱበት ድረስ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ነበር። ከዚያ የማለዳ ሥራ ነው እነ ቁንጮ የወጡት።

ልጄ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ፣ “ታዲያ ሽምብራዬ ሙሉ በሙሉ ቢታጠፍ ትልቅ ፍሬ ያፈራ ነበር?” አለች።

“ሕዋሱ ይተልቅ ነበር፣ ቅጠሉ ይወፍር ነበር” አላት። “ግን የታጠፈ ተክል ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ክሮሞዞሙን አስተካክሎ ማካፈል ስለሚያቅተው ዘሩም ያንሳል። አበባውን፣ ቅጠሉን፣ ወይም ሥሩን ለምንፈልገው ተክል ይህ ጉዳት ላይሆን ይችላል። ሽምብራን የምንዘራው ግን ለፍሬው ነው። ማጠፍ ሁልጊዜ ማብዛት አይደለም።”

ባለሙያው ሲሄድ ሁለቱንም ብርጭቆዎች አሽጎ በላቦራቶሪው ደንብ እንዲወገዱ ይዟቸው ሄደ። ልጄ ሽምብራዋን በዓይኗ ሸኘችው። እኔ ግን ተገላገልኩ። የባዮሎጂ አስተማሪዋ የሽንኩርት ሥር ጫፍ በማጉያ መነጽር እንዲያዩ እንደሚያደርጉ ቃል ገብተዋል። ሽንኩርትም እንደ ሽምብራ 16 ነው፤ ትልልቅ ስለሆኑ ለመቁጠር ይመቻሉ አሉ። ያንን ብትቆጥር ማንም አይሞት።

እናንተም ቤት አዛውንት ካሉና ይህ መድኃኒት ካለ፣ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ትልልቆቹን ልጆች ጭምር ማለቴ ነው። ከታዘዘው በላይ አንዲትም አይጨመር። ሌላ ሐኪም አዲስ መድኃኒት ሲያዝ፣ በተለይ እንደ ክላሪትሮማይሲን ያለ አንቲባዮቲክ ሲሆን፣ “ኮልቺሲን ይወስዳሉ” ብላችሁ ንገሩ፤ አብረው ሲወሰዱ ኮልቺሲኑ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ክኒን ጎድሎ ስታገኙም ምልክት ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኝ ነበር። እሑድ ማታ ሁሉም ሲተኛ የብስኩቷ ቆርቆሮ እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ከአባባ ላይ ወስጄ ነበርና። ሳስበው፣ የእሳቸው ደብተር ትክክል ነበር። 14 ብለው ጽፈዋል፤ 14 ነበረ። የተሳሳተው ቆጠራቸው አይደለም። አራቱ ሲጎድሉ ቤቱ ውስጥ ያለነውን ሁሉ ከመጠየቅ ይልቅ ጣቴን በቀጥታ ወደ አዛውንቱ ቀሰርኩ። እሳቸውንም ራሳቸውን እንዲጠራጠሩ አደረግሁ። ያቺን “እንዴ” ያወጣኋት እኔ ነኝ።

ቆርቆሮዋን ይዤ ገባሁ። አልተኙም።

“አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኩና ሰጠኋቸው።

ከፈቱ። አንድ በአንድ አውጥተው አንሶላው ላይ ደረደሩ። 10። ደብተራቸውን አነሱና፣ “4፣ ለሽምብራ ወጪ” ብለው ጻፉ። ቀኑንም ጨመሩ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ዘረጉ።

“እዚህ ጋ ፈርሚ” አሉኝ። “አስረካቢ አለ፤ ተረካቢ ነው የጎደለው።”

ፈረምኩ። ቆርቆሮዋ አሁን ራስጌያቸው ናት፤ መሳቢያው ግን ቁልፍ ተገጥሞለታል፣ ቁልፉም አንገታቸው ላይ ነው።

የክረምት ልብሱን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት እንጨርሰዋለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።